ሲጠሩት የሚመልስ ካፖርት

ሮሃ ተኝታለች። ፖሊስ እጅ ወደ ላይ ያላት ይመስል ሁለት እጇን ወደ ራስጌ ዘርግታ፣ አፏን ከፈት አድርጋ። እናቷ ተዋበች አጠገቧ ጋደም ብላ ዐይኗን ጨፍናለች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን የለም፤ ትናንት ማታም አልነበረም፣ ዛሬም እሑድ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ ግቢው ሁሉ በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እሷ ጆሮዋን አቁማ ድስት ታዳምጣለች። ድስቱ ጥግ ላይ፣ ከዱቄቱ ባልዲ አጠገብ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዝም ብሏል። ዝምታው ነው የሚያስፈራው። ቢጮህ፣ ወይ እንደ ስልክ ቢንዘረዘር፣ አሃ አሁን ጠሩት፣ አሁን መለሰ ትል ነበር፤ ዝም ያለ ነገር መናገሩና አለመናገሩ በምን ይታወቃል? እስካሁን ሁሉን ዘርግፎ ጨርሶ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ያ ኮምፒዩተር ጠፍቶም ቢሆን ሆዱ ውስጥ እየጻፈ፣ እየጻፈ፣ ነገ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሟ ባርናባስ መጥቶ ሲከፍተው «መቀሌ» ይለዋል። ባርናባስ ደግሞ ለእማ ይነግራል። እማም፣ ልጄ አዲስ አበባ ናት ብላ ዓመት ከመንፈቅ የኖረችው እማ፣ ያን ጊዜ... እዚህ ላይ ሐሳቧ አልፎ አይሄድም፤ ዳገት ላይ እንደ ደከመ ባጃጅ ይንገታገትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ እንደገና ወደ ድስቱ።

ድስቱ ውስጥ ያለው የሮሃ ካፖርት ነው።

ትናንት ወደ ማታ ነው የደረሰው። እማ ከመሐል ሜዳ ለባርናባስ ትልካለች፣ ባርናባስ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለጓደኛዋ ለትህትና ያደርሳል፣ ትህትና ደግሞ፣ ምስጢሩን የምታውቀው ትህትና፣ ለመቀሌ አውቶቡስ ረዳት አደራ ትሰጣለች፤ እማ ግን ዕቃው ከትህትና ቤት ወዲያ መንገድ ያለው አይመስላትም። ጥቅሉ ሲፈታ ቅቤ አለ፣ በሶ አለ፣ ለብቻው የታሰረ ትንሽ በሶ ደግሞ አለ፣ የእሱን ጉዳይ ኋላ ነው፣ ከታች ካፖርቱ። ሰማያዊ፣ ኮፍያው ዙሪያውን ጸጉር ያለው፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው። ባርናባስ የሚሠራበት ልብስ ፋብሪካ ወደ ውጭ አገር ነው የሚልከው፤ ቁልፍ የጎደለውን ለሠራተኛ ያከፋፍላሉ። ስታለብሳት ሮሃ ሳቀች፣ እሷም ሳቀች፣ እንዴት ያምራል እያለች ጎን ጎኑን ስትዳብስ ስፌቱ ውስጥ ችር ችር የሚል ነገር እጇን ነካው። መጀመሪያ የመሰላት ክታብ ነው። እማ ለቡዳ ብላ አሰፍታ፣ ልጄ ትስቅብኛለች ብላ ደብቃው። ልቧ ራራ። በምላጭ ስፌቱን ቀስ ብላ ስትፈታው አንድ ነጭ ጨርቅ ወጣ፤ በፈረንጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ ከጽሑፉ ሥር ሥዕል፤ ሳፋ ውስጥ የገባ እጅ፣ ካውያ፣ ደግሞ በላዩ ላይ ሁለት መስመር የተሰረዘበት ሦስት ማዕዘን። ተዋበች ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ያማርኛውን ፊደል እየለቀመች ታነባለች፣ የፈረንጁ አይገባትም፣ ሥዕሉ ግን ገባት፤ እጠቢው፣ ተኩሺው፣ ከዚህ ግቢ እንዳትወጪ። ከዚያ ከጨርቁ ሥር ሌላ አለ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ወደ አምፖሉ ስታነሳው ውስጡ ብርማ መስመር አለ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ታጥፎ ታጥፎ፣ መሐሉ ላይ ቁንጫ የምታህል ጥቁር ነጥብ። ክታብ አይደለም። ቁንጫዋ ታየኛለች።

ያን ጊዜ ነው የባርናባስ ጉራ ትዝ ያላት። ለትንሣኤ ሲደውል ነው፤ «እታለም፣ እኔ እኮ አሁን እንደ ድሮው ካርቶን ተሸካሚ አይደለሁም። እንደ ሽጉጥ ያለ መሣሪያ ተሰጥቶኛል። ካርቶኑን ሳልከፍት ደግኜ ስተኩስበት ውስጥ ያለው ልብስ ሁሉ አቤት ይላል። እያንዳንዱ የት እንዳለ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጭ ነው። በሩን ካለፈማ ይጮኻል።» «የትም ቢሄድ ታውቃለህ?» አለችው፣ ለጨዋታ ያህል። ባርናባስ አንድ ሲጠይቁት ሁለት የሚጨምር ሰው ነው፤ «የትም ቢሄድ! ባሕር ማዶም ቢሄድ!» አላት። ባሕር ማዶ ከሄደ መቀሌማ ምኑ ነው።

ውሸቱ የተጀመረው ለአንድ ሳምንት ነበር። ይህን እግዜር ያውቃል። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ ነው ገብረተንሳኤን ያገኘችው፤ ቦሌ ሻንጣ ይጭን ነበር፣ ኋላ ወደ አገሩ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲዛወር የሦስት ወር ሆዷን ይዛ ተከተለችው። እማ ባሏን ታውቀዋለች፣ ሠርጉ ላይም ጨፍራለች፣ ነገር ግን በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ሬዲዮውን ታቅፋ ስታለቅስ ከርማ «የፈለግሽበት ኑሪ፣ ወደዚያ ብቻ እንዳትሄጂብኝ፤ መሄድሽ ካልቀረ እኔን ቀብረሽ ሂጂ» ያለችውን ተዋበች መቼም አትረሳውም። ቃሏን ነው የምትፈራው? አይደለም፤ የእማን ልብ ነው፣ ቀድሞም ይደክማል። እና መጀመሪያ ቤት እስክንይዝ አለች፣ ቀጥሎ ሆዴ እስኪገፋ፣ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ እስክወልድ፣ ስትወልድ የሮሃ ክርስትና እስኪያልፍ፣ ክርስትናው ሲያልፍ ጥርሷ እስኪወጣ፤ ጥርሱ አሁን አራት ነው። ደግሞ ብትቆጥረው ካሥር ቃሏ ዘጠኙ እውነት ነው። ባልሽ ደህና ነው? ደህና ነው። ሥራ አላጣም? አላጣም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቤታችሁ ሩቅ ነው? ከአውሮፕላን ማረፊያው ራቅ ይላል። ይህ ሁሉ እውነት! እማ ራሷ ናት በልቧ ቦሌን የምታስቀምጥበት።

አሥረኛው ግን ክፉ ነው። እማ በደወለች ቁጥር ተዋበች ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች፣ ከውጭ ትግርኛ እንዳይሰማ። የሚያስቸግሩት ልጆቹ አይደሉም፣ ባጃጁም አይደለም፤ አከራይዋ አደይ ለተመድህን ናቸው። የአደይ ለተመድህንን ድምፅ ብርድ ልብስ ቀርቶ ግንብም አያግደው። ከአጥር ወዲያ ላለች ጎረቤት «ከመይ ውዒልኪ!» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ሮሃ ከእንቅልፏ ትነሳለች። «ተውቤ፣ ማን ነው እሱ የሚጮኸው? ቋንቋውስ ምንድን ነው?» አለች እማ አንድ ቀን። «የጎረቤት ሬዲዮ ነው እማ።» «አይዘጋም እንዴ?» «ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም።» አይ ምላስ! ከዚያን ቀን ጀምሮ እማ የማይሰሙትን አባት ትጠይቃለች። እኚያ አባት እንዴት ናቸው? የሚጦራቸው አለ? ጤና አዳም በዘይት አፍልተሽ ጠብ አድርጊላቸው። ለብቻው የታሰረው በሶ የእሳቸው ነው፤ ባርናባስ በላዩ «ለማይሰሙት አባት» ብሎ ጽፎበታል። ባለፈው የመጣውን ተዋበች ራሷ በጥብጣ ጠጣችው፣ እያለቀሰችም እየጣፈጣትም።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ስልክ ከሚጠግነው ከፍሰሃ ዘንድ ሄደች። ልጣጯን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ግራ ቀኝ አይታ ነው ያወጣችው። ፍሰሃ በባትሪ አብርቶ አያትና ሳቀ። «ሓፍተይ» አለ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ይህቺ ራዲዮ ናት።» «የምትሰማ?» «ሰሚ አይደለችም። ሲጠሯት ትመልሳለች፣ በቃ።» «ባትሪዋ መቼ ያልቃል?» «ባትሪ የላትም።» ባትሪ የላትም! ባትሪ ያለው ነገር ደግ ነው፣ ያልቃል፣ ይደክማል፣ እንደ ሰው ነው፤ ያለ ባትሪ የሚሠራ ከየት አምጥቶ ነው የሚሠራው? «እና ዝም እንድትል ምን ይደረጋል?» አለች። «ብረት ውስጥ ክተቺያት፣ ብረት አትበሳም። ግን እኮ ሓፍተይ...» ሊል ሲጀምር አንድ ሰው ስልኩን ሩዝ በሞላበት ፌስታል ተሸክሞ መጣ፣ እሷም ከዚህ በላይ መስማት አቅቷት ነበር፣ ልጇን አዝላ ወጣች። «ቆይ እንጂ! አልጨረስኩም!» ሲል ይሰማታል። ያልጨረሰው ደግሞ ከጨረሰው የባሰ ቢሆንስ? እቤት ደርሳ ልጣጯን መልሳ ስፌቱ ውስጥ ከተተች፣ እንደነበረች ትሁን፣ የተነካካች አይምሰል፤ ካፖርቱን ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ አጥፋ አስገባችው፤ ከደነችው፤ ድንጋይ ጫነችበት።

ታቃጥለው ነበር። ይህን አላሰበችም አይባልም፣ ሌሊቱን ሁሉ ስታቃጥለው ነው ያደረችው። ግን ከተቃጠለ ባርናባስ ነገ ሲጠራው አይመልስም። ካልመለሰ የት ጠፋ ይላል። የመጨረሻ የት ነበር ይላል። የልጅ ካፖርት ድምፁ ጠፋ ብሎ ለእማ ሊነግር ነው? እማ ካፖርቱና ልጅቱ የተለያዩ አይመስላትም። ዋይታዋ ከመሐል ሜዳ እዚህ ይሰማል፣ ያለ ራዲዮ። እሺ ድስቱ ውስጥ ይቆይ። ግን ድስቱ ውስጥ ሆኖ ባይመልስስ ያው ጠፋ አይደለም? አሁን ነው፣ በዚህ ቀትር፣ ብድግ ብላ አልጋው ላይ የተቀመጠችው። ካፖርቱ መጥፋት የለበትም። መኖር አለበት። አዲስ አበባ መኖር አለበት! እሷ አዲስ አበባ ካልኖረች ካፖርቱ ይኑርላት። ትህትና ቤት ተሰቅሎ፣ ሲጠሩት አቤት እያለ። እንዴት እስካሁን አልታያትም! አውቶቡሱ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ነገ ሁለት ሰዓት አይደርስም፤ የሚደርሰው አውሮፕላን ነው፣ አውሮፕላን የሚጭን ባል ደግሞ አላት።

ገብረተንሳኤ ኩሓ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ተረኛ ነው፤ ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው ሞተር ያጓራል። «ገብሬ፣ ነገ በማለዳ አዲስ አበባ የሚሄድ አውሮፕላን አለ?» «አለ፣ ምነው?» «አንድ ትንሽ ነገር ትጭንልኛለህ?» «ለማን?» «ለማንም። ዝም ብሎ ይሂድ። ትህትና ከበር ታነሳዋለች።» «ምንድን ነው?» ነገረችው፤ ካፖርቱን፣ ልጣጩን፣ ቁንጫዋን። «ተዋቡ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሲጠሩት በራዲዮ የሚመልስ ነገር፣ ስፌት ውስጥ ተደብቆ፣ ባለቤት ሳይኖረው፣ አውሮፕላን ላይ ልጫንልሽ ነው የምትዪኝ?» «አዎ።» «ይህን ደግሞ በስልክ ነው የምትዪኝ?» «አዎ።» «እንግዲህ የሚሰማን ሰው ካለ፣» አለ ገብረተንሳኤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሚስቴ ቀልደኛ ናት። በጣም ቀልደኛ ናት።» ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠግቶ፣ «እሱ ነገር እኮ ከጥቂት ክንድ ወዲያ አይሰማም፣ እዚህም ሻንጣ ላይ አለ፣ ስሚኝ፣ ማንም አያይሽም። ይልቅ ለእናትሽ ንገሪያት። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» አላትና ተጠራ፣ ሄደ። ከጥቂት ክንድ! ጣሪያው ሲያፈስም ምንም አይደለም ነው ያለው። ገብሬ ምንም አይደለም ያላለው ምን አለ? ምጥ ሲይዛትም ምንም አይደለም ብሎ ጫማውን ነው ይቀባ የነበረው።

ስልኩን እንደያዘች በሩ ተበረገደ። አደይ ለተመድህን አያንኳኩም፤ በሩ የእኔ ነው ይላሉ። ወንፊት ፈልገው ነው የመጡት፣ ዐይናቸው ግን ድስቱ ላይ አረፈ። «ድንጋይ? ምን ትቀቅያለሽ ጓለይ? እሳት የለ፣ ሽታ የለ።» «ምንም አይደለም አደይ፣ እንዳይከፍቱ...» ከፈቱት። ካፖርቱን በኮፍያው አንጠልጥለው አወጡት፣ አገላበጡት፣ ወደ ድስቱ ታች አጎንብሰው ሌላ ነገር ካለም አዩ። «እንታይ እዩ እዚ?» አሉ፣ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። «ቅማል አለው?» «የለውም።» «ታዲያ ልጅ ልብስ እንደ ቋንጣ ድስት ይገባል? ኣንቺ፣ ደህና ነሽ? ተኝተሻል?» «አልተኛሁም» አለች ተዋበች፣ እና አንዴ አፏ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። ሁሉን ተናገረች። ባርናባስን፣ ሽጉጡን፣ ነገ ሁለት ሰዓትን፣ እማን፣ አዲስ አበባን፣ ብርድ ልብሱን። ሬዲዮውን ብቻ ዘለለች።

አደይ ለተመድህን ወንፊቱንም ረሱት። ካፖርቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ተቀመጡ፣ አልጋው ጮኸ፣ ሮሃ ተገላበጠች። ይስቃሉ ብላ ነበር። አልሳቁም። «እንግዲህ» አሉ፣ «እናትሽ እኔን አታውቅም።» «አደይ፣ እንዲያ አይደለም...» «መቀሌ የለሽም ካልሽ እኔ የት ነኝ? የለሁም። ስትወልጂ ማን መጣ ብላ ነው የምታውቅ?» ተዋበች መሬት መሬት እያየች «ትህትና» አለች። «ጋዓቱን ማን አበላሽ?» እዚህ ለአራስ የሚገነፋው ጋዓት ነው የሚባለው። «ትህትና ብያታለሁ።» «የእኔን ጋዓት!» ብድግ አሉ። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ! ወገቤ እስኪቆረጥ ያገነፋሁትን፣ ለትህትና ሰጠሽው! ስንጥር የማታህል፣ ፎቶዋን ያሳየሽኝ? እሷ ማገንፋት ትችላለች?» «አትችልም አደይ።» «አትችልም!» ተመልሰው ተቀመጡ፣ ክንዳቸውን አጣጠፉ። «ኮምፒዩተር ምናምን አላውቅም። ነገ ወንድምሽ ቢነግር ባይነግር የራሱ ጉዳይ። አሁን ደውዪ።» «አሁን?» «እዚሁ ነኝ። ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ደውዪ።»

ብርድ ልብሱን ስትስብ ቀሟት።

ስልኩ አንዴ ጠርቶ ተነሳ፤ እማ ስልኩን አንገቷ ላይ ነው የምታስረው። «ተውቤ! ምን ሆነች? ልጅቱ ምን ሆነች?» ይህ ሰላምታዋ ነው። «ደህና ናት እማ፣ ተኝታለች። እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ቁጭ በይ።» «ቁጭ ብዬ ነበር፤ ቁጭ በይ ስትዪኝ ነው የተነሳሁት! ምን ሆናችሁ!» አሁን ካልተባለ መቼም አይባልም፤ «እማ፣ አዲስ አበባ አይደለሁም። መቀሌ ነኝ።» አንዴ ሲወጣ እንዴት አጭር ነው፣ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጉሮሮዋን የሞላው ይህ ነው? ከወዲያ በኩል ዶሮ ይሰማል። ዶሮዋ ታስካካለች፣ ታስካካለች፣ ተዋበች ዐይኗን ጨፍና ያንን ደካማ ልብ በዶሮዋ መሐል ትፈልጋለች። «መቼ ሄድሽ?» አለች እማ በመጨረሻ። «ሮሃን የሦስት ወር እርጉዝ ሳለሁ።» እማ ስትቆጥር ይሰማል፣ ጣቷ ሳይሆን ትንፋሿ። «ዓመት ከመንፈቅ?» «አዎ እማ።» «ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አዲስ አበባ ላለው ሚካኤል ስጸልይልሽ! ጃንጥላ ተስዬ! ያን ሁሉ ጸሎት ማን በላው?» «እኔ እንጃ እማ።» «ሌላ ሰው ነዋ! እዚያ አንዱ ሳይጾም ሳይጸልይ ነገር ሁሉ ሲቃናለት ይኖራል!»

ከዚያ የእማ ድምፅ ወረደ። «እኔን ፈርተሽ ነው?» «እንዳትፈሪ ብዬ ነው።» «እና ሳልፈራ የኖርኩ መስሎሻል? አዲስ አበባ መኪና ሰው ገጨ ባሉ ቁጥር፣ ጎርፍ ቤት ገባ ባሉ ቁጥር፤ እዚህ ሲያካፋ እዚያ ጎርፍ ነው እያልኩ በሌሊት ተነስቼ ስቀመጥ። ያልነበርሽበትን ጎርፍ ነው ስፈራልሽ የኖርኩት!» መቀሌን ደብቃ እማን ያሳረፈች መስሏት ነበር። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ደርሷል፤ አደይ ለተመድህን የካፖርቱን እጅጌ አቀበሏት፣ ጠረገችበት። «እኚያ የማይሰሙት አባትስ?» አለች እማ፣ «ጥለሻቸው ሄድሽ?» «የሉም እማ።» «ሞቱ!» «አልሞቱም... መጀመሪያውንም የሉም።» «ምን ማለት ነው የሉም? በሶ የላኩላቸው!» «ሬዲዮም የለም። የሚጮኸው...» አለችና ቀና ብላ አደይ ለተመድህንን አየች፣ አደይ ለተመድህንም አዩአት። «ምን ሬዲዮ?» አሉ አደይ ለተመድህን፣ በዚያ ድምፃቸው። «ይኸው!» ጮኸች እማ ከመሐል ሜዳ፣ «ይኸው ሬዲዮው! እሱ ነው! ድምፁን አውቀዋለሁ!»

ከዚህ በኋላ ስልኩ ከእጇ ወጣ። አደይ ለተመድህን ነጥቀው በሁለት እጅ አፋቸው ላይ ደገኑት፤ «ሬዲዮ አይደለሁም! ለተመድህን ነኝ! ጋዓቱን ያበላሁ እኔ ነኝ!» «ማን ያበላው?» «እኔ! አሥራ ሁለት ቀን!» «ትህትና አይደለችም?» «ትህትና ማገንፋት አትችልም!» እማ ከወዲያ በሌላ ድምፅ፣ ተዋበች ከልጅነቷ ጀምሮ ለጎረቤት ሽማግሌ ስትጠቀምበት በምታውቀው ድምፅ፣ «እትዬ ለተመድህን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ውለታዬን ሳላውቅዎ፤ ምን ነካኝ» አለች። አደይ ለተመድህን ፊታቸው በራ። ወዲያው ደግሞ ነገር አመጡ፤ «ልጅሽ አትተኛም፣ አትበላም፤ ካፖርት ድስት ውስጥ አስገብታ አየሁ።» «ካፖርት? ለምን?» ተዋበች በሩቅ ሆና ባርናባስ በኮምፒዩተር ያየኛል ብዬ ነው ብላ ጮኸች። እማ ሳቀች። በእንባ መሐል ነው የሳቀችው፣ ሳል እስኪይዛት። «ባርናባስ? ባርናባስ ነው የሚያገኝሽ? ባለፈው መጥቶ ጫማውን አልጋ ሥር አጥቶ በእኔ ኮንጎ ነው ደብረ ብርሃን የገባው!»

ሁለቱ ሴቶች ብዙ አወሩ። ተዋበችን ማንም አልጠየቃት። እማ ያለችው ሁሉ አይገባቸውም፣ እሳቸው ያሉት ግማሹ ለእማ አይገባትም፣ ሁለቱም የማይሰማ ሰው እንደሚያናግር ሰው ይጮኻሉ። ሮሃ ነቅታ ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ አደይ ለተመድህን ስልኩን አውርደው «ቁጥሬን ጻፊላት ትላለች» አሉ፤ ተዋበች ቁጥሩን ስትነግራት እማ የምትጽፍላትን የጎረቤት ልጅ በጩኸት ጠራች። ሲዘጉ እማ ለልጇ ደህና ዋዪም አላለቻት።

ተቆጥታለች። ሰኞ አልደወለችም፣ ማክሰኞም አልደወለችም። ባርናባስም አልደወለም፤ ሁለት ሰዓት መጣ፣ ሄደ፣ ማንም ካፖርት አልጠራም። ተዋበች ስልኩን ጡቷ ሥር ይዛ ትዞራለች። ምነው ዝም አለችኝ፣ ይኸው ንገሪያት ንገሪያት ሲሉኝ፣ ጡቴ ይፋረድሽ ብላ ይሆን፣ አሁን ደግሞ ታማ ቢሆንስ፤ ልትደውል ታነሳዋለች፣ ደግሞ ታስቀምጠዋለች። ማታ ማታ ግን ከግድግዳው ወዲያ አደይ ለተመድህን ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ በአማርኛ ሲጮኹ ይሰማታል፣ «እሺ! እሺ! አየዋለሁ!» ሲሉ።

ረቡዕ ጠዋት ሳሙና አልቆባት፣ በር ላይ ላገኟት ለአደይ ለተመድህን ሮማናት ደርሼ መጣሁ ብላ፣ ሮሃን አዝላ ወጣች። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ሮማናት በታክሲና በሰው ተሞልቷል፣ ሻጩ ይጣራል፣ ባጃጁ ይንጫጫል፣ አደባባዩን ልትሻገር አንድ እግሯን ከጠርዙ ስታወርድ ስልኩ ጮኸ። እማ ናት። እንደ ልማዷ ጥላ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ልትፈልግ ዞር ዞር አለች፣ ከዚያ ቆመች፣ እዚያው ጩኸቱ መሐል አነሳችው።

«አቤት እማ።»

«ልጅቱን ያለ ኮፍያ ይዘሽ ወጣሽ» አለች እማ። ሰላምታ የለም፣ ምን ሆነች የለም። «የመቀሌን ፀሐይ አትመኚው። ፀሐዩ ያታልላል፣ ነፋሱ ነው ልጅ የሚመታው።»

መቀሌ አለች። እማ፣ መቀሌ አለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ይመስል፣ ነፋሱን እያማች። ተዋበች ሮሃን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ ራሷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«የት ነሽ አሁን?»

«ሮማናት ነኝ እማ።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።